ለተመራማሪው እጅ የሚሆን መሣሪያ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ! ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፍን ትቶ ስለ ቤተ ሙከራ፣ ስለ ላብ ሥራ ለመስማት መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። እግዜር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ አንድ ነገር ደስ ብሎኛል። የባዮሎጂ ተማሪዎችና የኮምፒውተር ተማሪዎች ዛሬ አንድ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ። እንደማየው ግን ባዮሎጂው በቀኝ፣ ኮምፒውተሩ በግራ ነው የተቀመጠው። ከሻይ በኋላ ተቀላቅላችሁ ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። የዛሬው ነገሬ ያለ ሁለታችሁ አይሆንም።

ነገሩ ምንድን ነው? ተመራማሪው በዓይኑ የሚያየው፣ በእጁ የሚይዘው፣ ሲነካው ደግሞ መልስ የሚሰጠው መሣሪያ እንዴት ይሠራል? ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ከኮምፒውተር በፊት ተመራማሪዎች በእጃቸው ምን ይሠሩ ነበር? ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ምን ሰጠን፣ ምን ወሰደብን? ሦስተኛ፣ ዛሬ እናንተ ብትሠሩ ከየት ትጀምራላችሁ? የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳንምታታ።

እስቲ ከምታውቁት ልጀምር። የዲኤንኤ ቅርጽ በ1953 ካምብሪጅ ውስጥ ተገኘ። ዋትሰንና ክሪክ። ይህን ለፈተና ሸምድዳችሁታል። ግን እንዴት እንደተገኘ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ዋትሰንና ክሪክ በዲኤንኤ ላይ የኤክስሬይ ሙከራ አልሠሩም። እነሱ የሠሩት ሞዴል ነው። ሙከራው የነበረው ለንደን፣ ኪንግስ ኮሌጅ ነው። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ነበረች የምትሠራው። «ፎቶ 51» የሚባለውን ዝነኛ የኤክስሬይ ምስል በ1952 ከእሷ ጋር ይሠራ የነበረው ተማሪ ሬይመንድ ጎስሊንግ አነሣው። ምስሉ እሷ ሳታውቅ ለዋትሰን ታየ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

በ1951 መጨረሻ ላይ ዋትሰንና ክሪክ የመጀመሪያ ሞዴላቸውን ሠሩ። ሦስት ክር ያለው ነበር። ፍራንክሊን ከለንደን መጥታ አየችው። ወዲያው አይሆንም አለች። ዲኤንኤው ውስጥ ያለው ውሃ እሷ ከለካችው ጋር ጭራሽ አይገጥምም። ልብ በሉ! ሐሳቡ በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ቢቀር ኖሮ ስንት ወር ይከራከሩበት ነበር? ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ስለታየ ግን በአንድ ጉብኝት ወደቀ።

ከዚያ የካርቶኑ ነገር መጣ። በ1953 መጀመሪያ ላይ ዋትሰን ከብረት የተቆረጡ ቅርጾች እስኪደርሱለት ይጠብቅ ነበር። የዲኤንኤን መሰላል ደረጃዎች የሚሠሩት አራቱ «ፊደላት» ናቸው፤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒን፣ ሳይቶሲን። የቤተ ሙከራው ብረት ሠራተኞች ዘገዩበት። መጠበቅ ሲሰለቸው ካርቶን አንሥቶ ራሱ ቆረጠ። ቢሮ የሚጋራቸው ኬሚስት ጄሪ ዶናሂው ደግሞ «በመጽሐፍ የተሳሉት ቅርጾች ትክክል አይደሉም» ብሎ አርሞት ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ጠዋት ካርቶኖቹን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያንሸራትት አንድ ነገር አየ። አዴኒንና ታይሚን ሲገጥሙ የሚሠሩት ቅርጽ፣ ጓኒንና ሳይቶሲን ሲገጥሙ ከሚሠሩት ጋር አንድ ነው። አለቀ! መሰላሉ ወጥ ሆነ። በካርቶን!

ሌላም አለ። ዶሮቲ ሆጅኪን የፔኒሲሊንን ቅርጽ በ1945 ስታገኝ፣ ኤሌክትሮኖቹ የት የት እንደበዙ የሚያሳይ ካርታ በብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ እየሳሉ፣ ፕላስቲኩን አንዱን በሌላው ላይ ይደረድሩ ነበር። ጆን ኬንድሩ በጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ፕሮቲን፣ የማዮግሎቢንን ቅርጽ መጀመሪያ ያሳየው በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ዓይነት ሸክላ መሰል ፕላስቲሲን ነው። የመጀመሪያው የፕሮቲን ሞዴል እንግዲህ እሱ ነው። ሲያዩት የተጠማዘዘ ቋሊማ ይመስላል።

አሁን የምነግራችሁን ታሪክ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባይረን ሩቢን የሚባል ሰው ሽቦ ማጠፊያ መሣሪያ ሠራ። የፕሮቲኑን የማዕዘን ቁጥሮች ይዛችሁ፣ አንዱን ሽቦ እያጠፋችሁ እያዞራችሁ ትሄዳላችሁ። መጨረሻ ላይ የፕሮቲኑ የጀርባ አጥንት፣ ማለትም ዋናው ሰንሰለቱ፣ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ቀላል ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በዚያ ዘመን ቅርጻቸው የታወቀ ፕሮቲኖች 20 አይሞሉም ነበር። ታዲያ በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ ስብሰባ ተደረገ። ዴቪድ ዴቪስ የፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ፣ ማለትም ከበሽታ የሚከላከለንን ፕሮቲን በሽቦ ሠርቶ መጣ። ጄን ሪቻርድሰንና ባለቤቷ ዴቪድ ሪቻርድሰን ደግሞ ሌላ ሽቦ ይዘው መጡ፤ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባለውን፣ ሴልን ከጎጂ ኦክስጅን የሚጠብቀውን።

ሁለቱ ፕሮቲኖች በሥራ አይገናኙም። ፊደላቸውን፣ ማለትም የተሠሩባቸውን አሚኖ አሲዶች፣ ብትደረድሩት የሚመሳሰለው ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነው። በዝርዝር ብታወዳድሯቸው «ዝምድና የላቸውም» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ሽቦዎቹን ጎን ለጎን ይዘው ሲያዞሯቸው ግን አጣጠፋቸው ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ! ግኝቱን በ1976 አሳተሙት። አያችሁ? ያ ግኝት ቀመር ተሠርቶ የመጣ አይደለም። ሰዎች ተቀራርበው፣ እጅ ለእጅ ተቀባብለው፣ «እስቲ ያንተን አምጣው» ተባብለው ያገኙት ነው።

አሁን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እነዚያ ሰዎች በየቤታቸው በየራሳቸው ስክሪን ላይ ቢሆኑ ኖሮ ይገናኝ ነበር? አይገናኝም አልልም። ግን ማን ማንን «እስቲ አሳየኝ» ይለው ነበር?

ለምን ይሆን እጅ እንዲህ የሚረዳን? በዚህ ላይ የተጠና ነገር አለ። ዴቪድ ከርሽና ፖል ማግሊዮ በ1994 ቴትሪስ የሚጫወቱ ሰዎችን አጥንተው ጻፉ። ቴትሪስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቅርጾች ከላይ የሚወርዱበት ጨዋታ። ተጫዋቾቹ ቅርጹን ከሚያስፈልገው በላይ ያዞሩታል። ለምን? በጭንቅላት ከማዞር በእጅ ማዞር ስለሚፈጥን! ለማስቀመጥ ብቻ አያዞሩም፤ ለማሰብም ያዞራሉ። እየለመዱ ሲሄዱ ደግሞ ይህ ልማድ አይተዋቸውም።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ገበጣ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። ቆጠራውን የያዘው ጠጠሩ ነው። ማን ምን ያህል እንዳለው በጭንቅላት መያዝ አያስፈልግም፤ ጉድጓዱን ማየት ነው። ከዳር የቆመው ተመልካችም ያንኑ ስለሚያይ «ኧረ በዚያ በኩል!» ብሎ ጣልቃ ይገባል። ጥሩ የላብ መሣሪያ እንዲህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ሥራው የደረሰበት ቦታ በሁሉም ፊት የተዘረጋ፣ ማንም እጁን ሰድዶ የሚያንቀሳቅሰው።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የባዮሎጂ አስተማሪያችን ስለ ዲኤንኤ የሚያስተምረን በጠመኔ ነበር። ሥዕሉን ገልብጠን ደብተራችን ላይ እናሰፍራለን። አንድ ቀን ግን ሽቦና የለስላሳ ቆርኪ ይዞ መጣ። ቆርኪዎቹን በስቶ፣ በሽቦ አያይዞ፣ ጠምዝዞ ሰቀለልን። አንድ ጓደኛችን እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ወደዚያኛው በኩል ቢጠመዘዝስ?» አለው። አስተማሪያችን መልስ አልሰጠውም። ከተሰቀለበት አውርዶ ሰጠውና «ጠምዝዘውና ልዩነቱን ንገረን» አለው። ክፍሉ በሙሉ ተነሣ! ከጠመኔው ሥዕል ላይ ያን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሁለተኛው ነጥብ። እጅ እንዲህ ጥሩ ከሆነ ሞዴሎቹ ለምን ጠፉ?

እውነቱን እንነጋገር። አስቸጋሪ ስለነበሩ ነው። ኬንድሩ በ1960 አካባቢ የማዮግሎቢንን ዝርዝር ሞዴል ሲሠራ ወደ 2,500 የሚጠጉ የቆሙ ዘንጎች ተክሏል። በዘንጎቹ ላይ ባለቀለም መቆንጠጫዎች ኤሌክትሮኖቹ የበዙበትን ቦታ ያሳያሉ። አተሞቹን በዚያ ጫካ ውስጥ ማስገባት አለባችሁ። ዘንጉ ራሱ እይታ ይጋርዳል። አንድ ነገር ለማስተካከል እጃችሁን አሳልፋችሁ ትሰዳላችሁ። የደከማችሁበት ሞዴል ደግሞ ለብቻው ምንም አያሰላም። ይህን ያህል ርቀት ተጠጋጋ፣ ይህ አተም ከዚያ ጋር ተጋጨ ብሎ አይነግራችሁም።

ፍሬድ ሪቻርድስ የሚባል ተመራማሪ በ1968 ግሩም መላ ዘየደ፤ ከሪቻርድሰኖቹ ጋር አታምታቱት። ግማሽ የሚያሳይ ግማሽ የሚያንጸባርቅ መስታወት አቆመ። በአንድ በኩል የሽቦ ሞዴሉ አለ። በሌላ በኩል የኤሌክትሮኑ ካርታ አለ። በመስታወቱ ስታዩ ሁለቱ አንድ ላይ ተደራርበው ይታያሉ። ዛሬ ስልክ ላይ በካሜራ ምስል ላይ ሌላ ምስል ሲደረብ «ዋው» እንላለን። ሰውየው በመስታወት ሠርቶታል!

በ1960ዎቹ ደግሞ ሳይረስ ሌቪንታል ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሞለኪውልን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አዞረ። ማውስ ገና አልተስፋፋም ነበር። የሚያዞረው በእጅ በሚያዝ ሉል መሰል መሣሪያ ነው። ስክሪኑ ከተጀመረበት ቀን ጀምሮ እጅ አብሮት ነበረ ማለት ነው። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ፍሬድ ብሩክስና ባልደረቦቹ ከዚያም አልፈው ሄዱ። ከ1967 ጀምረው ለብዙ ዓመታት በሞለኪውሎች መካከል ያለውን መሳሳብና መገፋፋት በእጅ የሚያሰማ የብረት ክንድ ላይ ሠሩ። መድኃኒቱን ወደ ፕሮቲኑ ስታስጠጉ ክንዱ ይገፋችኋል ወይም ይስባችኋል።

ግን ውድ ነው። ግዙፍ ነው። ርካሹ ነገር አሸነፈ። ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስ። እኔ ስክሪንን አልጠላም። ያለ ኮምፒውተር የሰውን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉውን የዘር መረጃ፣ 3 ቢሊዮን ፊደል ማን ይፈትሻል? በ2022 አልፋፎልድ የተባለው፣ የፕሮቲን ቅርጽ የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋት ከ200 ሚሊዮን በላይ የተገመቱ የፕሮቲን ቅርጾችን ለዓለም በነፃ ከፍቷል። ያኔ 20 የማይሞሉት፣ ዛሬ 200 ሚሊዮን! ይህን በሽቦ የሚያጥፍ ሰው የለም።

ታዲያ ምን ተወሰደብን? ማውሱ አንድ ነው። ስለዚህ የሚነካው ሰው አንድ ነው። አሜሪካ ስሠራ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አራት ተማሪዎች አንድ ስክሪን ፊት ናቸው። አንዱ ተቀምጧል። ሦስቱ በትከሻው ላይ ያያሉ። ከኋላ ያለችው ልጅ የሆነ ነገር ታይቷታል። «እዚያ፣ እዚያ፣ ወደ ላይ፣ አይደለም፣ ትንሽ ወደ ታች» ትላለች። ልጁ ግራ ይገባዋል። መጨረሻ ላይ «ተወው በቃ» ትላለች። ያ «ተወው በቃ» ሆዴን ይበላኛል። ስንት ግኝት እዚያ ጋ ቀርቶ ይሆን?

ለዚህ መልስ የፈለጉ ሰዎች አሉ። በ1997 ሂሮሺ ኢሺና ብሪግ ኡልመር ከኤምአይቲ ሚዲያ ላብ አንድ ጽሑፍ አወጡ። መረጃን ከስክሪን አውጥተን በእጅ ወደሚያዝ ነገር እናምጣው አሉ። ብዙ ሰው ያንን መንገድ ተከተለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስክሪፕስ የምርምር ተቋም፣ አርት ኦልሰን ፕሮቲንን በስሪዲ ፕሪንተር አትሞ ካሜራ ፊት ያዞረው ጀመር። ሞዴሉ እጃችሁ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በምስሉ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ይደርብበታል። እኚሁ ሰው የፖሊዮ ቫይረስን ቅርፊት በ12 ቁራጭ ሠርተው፣ ማግኔት ገጥመውላቸው፣ ዕቃ ውስጥ ከተቷቸው። ዕቃውን ይንጡታል። ቁራጮቹ እየተጋጩ፣ እየተያያዙ፣ እየተላቀቁ ቆይተው ክብ ቅርፊት ይሆናሉ! ቫይረስ ያለ አናጢ እንዴት ራሱን እንደሚገጣጥም የሚጠራጠር ሰው አንዴ ቢንጠው በቂ ነው።

ወደ ቦስተን ጠጋ ስትሉ ደግሞ ዌልስሊ ኮሌጅ አለ። የሴቶች ኮሌጅ ነው። ኦሪት ሼርና ተማሪዎቿ ጂኖም ሰርፈር የሚባል ሠሩ። ትልቅ የጠረጴዛ ስክሪን ነው። ተማሪዎች ዙሪያውን ይቆማሉ። ክሮሞሶሙን ያሽከረክራሉ፣ የፈለጉትን ጂን ያወጣሉ፣ ከጓደኛቸው ጂን አጠገብ ያስቀምጡታል። ከዚያም ፈተኑት። አንዱ ቡድን በተለመዱት የኢንተርኔት መሣሪያዎች ሠራ። ሌላው ብዙ ማውስ በተሰካበት ኮምፒውተር ሠራ። ሦስተኛው በጠረጴዛው ሠራ። በጠረጴዛው የሠሩት የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ሥራውም ቀለላቸው። ከብዙ ማውሱ ጋር ሲነጻጸርም ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ይሳተፋል፣ ቆም ብለው ያስባሉ። ይህ ጥናት በ2011 የወጣ ነው። የኮምፒውተር ተማሪዎች፣ እዚህ ጋ ንቁ! ሰዎቹ «ያምራል» ብለው አልተዉትም። አወዳድረው ለኩት።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ድንቅነሽን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ሉሲ። በ2008 አጥንቶቿ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ውስጥ በኤክስሬይ ተነሡ። ከ35,000 በላይ ስስ ምስሎች ተገኙ። በ2016 ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሉሲ የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ይሆናል የሚል ነው። የቀኝ ክንዷ አጥንት ትከሻው ጋ የተሰበረበት ሁኔታ ካፕልማንን አስገርሞታል። ታዲያ ምን አደረገ? የትከሻውን መገጣጠሚያ በዛሬ ሰው መጠን አሳድጎ አሳተመውና ለአጥንት ሐኪም ይዞ ሄደ። ስቲቨን ፒርስ ይባላል ሐኪሙ። የእሱ ሥራ በየቀኑ የተሰበረ አጥንት ማየት ነው። ያየውን ከሚያክማቸው ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ከከፍታ የወደቀ ሰው፣ እጁን ዘርግቶ ራሱን ለማዳን ሲሞክር የሚደርስበት ስብራት ነው አለ።

እስቲ አስቡት። ሐኪሙ የቅሪተ አካል ተመራማሪ አይደለም። 35,000 ምስል ቢላክለት በየት በኩል ይጀምራል? እጁ ላይ ሲቀመጥለት ግን የዘመናት ልምዱ ተቀሰቀሰ። የሚዳሰስ ሞዴል ሌላ ሙያ ያለውን ሰው ወደ ክርክሩ ይጋብዛል።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ሉሲን ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ራሱ በዚህ አልተስማማም። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ቲም ዋይትም አልተስማማም። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በሌሎች እንስሳት ቅሪቶችም ላይ አለ፣ የመሬቱ ጫና ያመጣው ነው አሉ። ክርክሩ ቀጠለ። ጥሩ ነው! ሞዴል ዳኛ አይደለም። የሚያከራክር ነገር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል እንጂ አይፈርድም። የኢትዮጵያ መንግሥት ፈቅዶ የትከሻዋና የጉልበቷ ፋይል በኢንተርኔት ተለቋል። ማንም ማተም ይችላል። እናንተም ትችላላችሁ። የራሳችን ቅርስ ነው፤ በእጃችን ይዘን እንከራከርበት እንጂ!

ሦስተኛው ነጥብ። እናንተ ከየት ትጀምራላችሁ?

ኮዱን ክፈቱ አልላችሁም። ሂዱና ላብ ውስጥ ቁጭ በሉ። ላብ ውስጥ የሚዳሰስ መረጃ ድሮውኑ ሞልቷል፤ የሚያየው ጠፍቶ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ነባር የላብ ቴክኒሽያን ጋር ተቀምጬ አውቃለሁ። ቲዩቦቹ ራክ ላይ፣ ማለትም ባለ ቀዳዳ መደርደሪያው ላይ፣ ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ጠብታውን ትጨምርና ቲዩቡን አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ታዛውረዋለች። ሌላው ላይ ትጨምርና ያንንም ታዛውራለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ስልክ ይጠራል፣ ሰው ይገባል፣ ያናግረኛል። እኔ እረሳለሁ፤ ራኩ አይረሳም» አለችኝ።

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት፣ ማለትም ናሙና የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት ሰሌዳ፣ የሚጠቀሙም እንዲሁ ናቸው። ፕሌቱ 8 ረድፍ በ12 ዓምድ ነው። የቲፕ ሳጥኑም፣ ማለትም ፈሳሽ መቅጃው ጫፍ ላይ የሚገቡት ትንንሽ ቱቦዎች መያዣ፣ 8 በ12 ነው። ስለዚህ ጎበዝ ሠራተኛ ቲፖቹን በፕሌቱ ቅደም ተከተል ይወስዳል። የቱ ጉድጓድ ላይ እንደደረሰ ሲጠፋበት የቲፕ ሳጥኑን ያያል። ባዶው ቦታ ይነግረዋል። ይህን ማንም ዲዛይነር አልነገራቸውም። ራሳቸው ነው የፈጠሩት። እናንተ ሶፍትዌር ይዛችሁ ስትገቡ ይህን ካላያችሁ፣ የሚሠራን ነገር አፍርሳችሁ የማይሠራ ትተክላላችሁ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ የማውቀው ተቋም፣ ስሙ ይቆየን፣ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ግድግዳ የሚያክል ንክኪ ስክሪን ገዛ። ተመራማሪዎቹ መረጃቸውን ቆመው በጋራ እንዲያዩበት ነው። ስክሪኑ የተሰቀለው ስብሰባ ክፍል ነው። ሥራው ያለው ደግሞ ሌላ ክፍል፣ ቤንቹ ላይ፣ ማለትም የላቡ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰዎቹ ጓንት አድርገዋል። ስክሪኑን ለመንካት ጓንት ማውለቅ፣ እጅ መታጠብ፣ በር ከፍቶ መሄድ፣ ተመልሶ እንደገና ጓንት ማድረግ። ማን ያደርገዋል? ትንሽ ቆይቶ ማስታወቂያ ይለጠፍበት ጀመር። ቴክኖሎጂው ምንም እንከን አልነበረበትም። ቤንቹን ማንም አላየውም፤ ያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጓንቱን አስቡ። አልኮል ሲፈስበት የማይበላሽ ነገር አስቡ። ቤንቹ ላይ ስንት ስንዝር ባዶ ቦታ እንዳለ ለኩ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡ። የሚዳሰስ ነገር እዚህ ላይ ጉልበት አለው፤ መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣችሁት ቁራጭ ግን ባለበት ይቆያል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቁ። ለእጅ ምን እንስጥ? ለኮምፒውተር ምን እንስጥ? ፍለጋ፣ ስሌት፣ ማስታወስ፣ መቁጠር ለኮምፒውተር። መደርደር፣ ማዞር፣ ማቀራረብ፣ «ይህስ እዚህ ቢሆን?» ማለት ለእጅ። ኬንድሩ ሁሉንም ለእጅ ሰጠና በዘንግ ጫካ ውስጥ ተቸገረ። እኛ ሁሉንም ለስክሪን ሰጠንና ሦስት ሰው ከኋላ ቆሞ ቀረ። ሁሉም ነገር ይዳሰስ የሚል ሰው ካጋጠማችሁም አትመኑት። የአንድን ባክቴሪያ ጂኖም በእንጨት ቁራጭ ልደርድር ብትሉ ሚሊዮኖች ቁራጭ ያስፈልጋችኋል። ለእጅ የሚሰጠው፣ ሰው የሚወስንበት ጥቂት ነገር ነው።

አንድ ሌላ ነገር። መሣሪያችሁ ስሕተትን ይፍቀድ። አንዳንዱ ሶፍትዌር ትክክል ያልሆነ ነገር ስታስቀምጡ በቀይ ይጮህባችኋል፣ አይቀበልም። ግኝት ግን ብዙ ጊዜ በስሕተት በኩል ነው የሚያልፈው። ሦስት ክሩን ሞዴል ኮምፒውተር ከልክሎት ቢሆን ፍራንክሊን ምን አይታ ታርመው ነበር? ያስቀምጥ፣ ይሞክር፣ መሣሪያው ቀስ ብሎ ይንገረው። ደግሞም አሻራ ይቅር። ጠረጴዛ ሲጸዳ ሐሳቡ አብሮ ይጠረጋል። ካሜራ ከላይ ይኑር፤ እያንዳንዱን ድርደራ ያስቀምጥ፤ ትናንት ምን ሞክረን ነበር ሲባል ይመልስ።

ይህን ሁሉ በብዙ ገንዘብ ነው የምንሠራው ብላችሁ እንዳትሰጉ። አሁን ከተማሪዎች ጋር የምንሠራውን ልንገራችሁ። የባዮሎጂ ሰዎች፣ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ናሙና መደልደል ምን ያህል ራስ እንደሚያዞር ታውቃላችሁ። የቱ ናሙና የት ይሁን? ማነጻጸሪያው የት ይሁን? የዳር ጉድጓዶች ከመሃሎቹ ይልቅ ፈሳሻቸው ቶሎ ይተናል። አንዱን ሕክምና በሙሉ ዳር ላይ ካስቀመጣችሁ ውጤታችሁ ይዛባል። ብዙ ሰው ይህን በኤክሴል ብቻውን ቁጭ ብሎ ይደለድላል፤ ችግሩን የሚያየው ሙከራው ካለቀ በኋላ ነው።

እኛ ትልቅ የካርቶን ፕሌት ሠራን። በላዩ ላይ ባለቀለም የልብስ ቁልፎች ይደረደራሉ። ቀይ አንድ ሕክምና፣ ሰማያዊ ሌላ፣ ነጭ ማነጻጸሪያ። ከላይ አንድ ስልክ በእንጨት ማቆሚያ ላይ አለ። ካሜራው ቀለሞቹን ያነባል። «ቀዩ በሙሉ ዳር ላይ ነው» ይላል። «ማነጻጸሪያ ረስታችኋል» ይላል። ድርደራውን ያስቀምጣል፤ ወደ ሠንጠረዥም ይለውጠዋል። ቁልፉን የሚያንቀሳቅሱት ግን ሰዎቹ ናቸው። ሦስት አራት ሆነው፣ እየተከራከሩ። እጁን መስደድ ያቃተው ማንም የለም።

ገና ብዙ ይቀረዋል። አምፑሉ ሲደበዝዝ ሰማያዊውን ከአረንጓዴ ያምታታል። ቀለም ለይቶ ማየት ለሚቸግረው ሰውም አልተመቸም፤ ቁልፎቹን በቅርጽም መለየት አለብን። ለዚህ ነው የእናንተ እጅ የሚያስፈልገኝ።

ካርቶኑና ቁልፎቹ አዳራሹ ጀርባ፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የታተመ የሉሲ ትከሻም አለ። የማጠፊያ ሽቦም አምጥቻለሁ። ሻይ እየጠጣችሁ ኑና ያዙት። የባዮሎጂ ተማሪዎች፣ አሁን በእጃችሁ ያለውን እውነተኛ ሙከራ ደልድሉበትና የት ጋ እንደሚያስቸግራችሁ ንገሩኝ። የኮምፒውተር ተማሪዎች፣ ዝም ብላችሁ እያያችሁ የሚሉትን ጻፉ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። እዚያ ጋ እጇን ያነሣችው እህታችን፣ ማይክሮፎኑን ስጧት።